እኔ የሌለሁበት ሽኝት

መጋቢት 4፣ ከሆስፒታል

ወንድሜ ጭልፋው፣

«ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ እንዳልጀምርልህ ደህና አይደለሁም፤ ተናድጃለሁ። በጀርባዬ ተዘርሬ፣ በሁለት እግሮቼ መሃል የድንበር ግንብ የሚያህል ትራስ ተደርጎብኝ ነው የምጽፍልህ። ጽሕፈቴ ሽቅብ ከወጣ ወረቀቱን ወደ ላይ አንጋጥጬ ስለያዝኩት ነው። የተቀየረው ዳሌዬ እንጂ እጄ አይደለም።

መጀመሪያ የጠየቅከኝን ልመልስ። አዎ፣ ያማል። አይ፣ አላለቀስኩም። አዎ፣ ልጄ አብራኝ ነች። ትናንት ከሰዓት «መድኃኒት ቤቱን አየት አድርጌ ልምጣ» ብላ ከወጣችው በቀር ከአልጋዬ ሥር አልነቃነቅ ብላለች። መድኃኒት ቀማሚ ልጅ ያላት እናት ታድላለች የሚሉ ሰዎች መጥተው ይዩኝ፤ የምውጠውን እንክብል ሁሉ አፌን አስከፍታ ነው የምታረጋግጠው።

አስተኝተውሽ ነው ወይስ ነቅተሽ ላልከው ግን መልሱ ረዘም ይላል። ያደነዘዙኝ ከወገብ በታች ብቻ ነው። ከወገብ በላይ ያለሁት እኔ እዚያው ነበርኩ! በአረንጓዴ ጨርቅ ጋርደውኝ ከጨርቁ ወዲያ መጋዝ ሲንጫረር፣ መዶሻ ሲወርድ እሰማለሁ። መዶሻው ባረፈ ቁጥር ጥርሴ ይነቃነቃል። ጋራዥ የገባሁ መሰለኝ። ጋራዥ ግን የራሱ ጨዋነት አለው፤ መካኒክ ሲቀጠቅጥ የሚያወራው ስለሚቀጠቅጠው ነገር ነው። እነዚህ ስለ ኳስ ነበር የሚያወሩት። ዳሌዬን ከፍተው በፍጹም ቅጣት ምት ይከራከራሉ! አላስቻለኝም። «ስሙኝማ፣ ኳሱን ለእረፍት አቆዩትና ብሎኑን አጥብቁልኝ» አልኳቸው። ዋናው ሐኪም ከጨርቁ በላይ ብቅ ብሎ «እርስዎ እንቅልፍ አልወሰደዎትም እንዴ?» አለኝ። «መኪናዬ ሲሠራ ተኝቼ አላውቅም» አልኩት። ከዚያ በኋላ ስለ ዳሌዬ ማውራት ጀመሩ።

ሌላው የሚያንገበግበኝ ይኼ «እማማ» የሚሉት ነገር ነው። «እማማ፣ በሉ ቀና ይበሉ።» «እማማ፣ ሽንት ሸኑ?» ይኼ ደግሞ ጠያቂ በሞላበት፣ በዚያ በጥሩምባ ድምፅ። እኔን ጥሩምባ የሚሉኝ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ያችን ሲስተር ቢሰሙ ስሜን ይመልሱልኝ ነበር። ጡረታ የሚባለውን ነገር እኔ ገና በሩቁ ነው የማየው፤ እነሱ ግን አልጋ ላይ ሲያጋድሙኝ ዕድሜዬንም አብረው አጋደሙት።

የሚገርምህ በማግስቱ ጠዋት፣ ስፌቱ ገና ሳይደርቅ፣ አንዲት ቀጭን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መጥታ «ተነሱ» አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። አልቀለደችም። በብረት መደገፊያ አቁማ እስከ በሩ አስኬደችኝ። ከዚያ የክልከላውን መዓት ዘረገፈችው፤ እግር ማጠላለፍ ክልክል፣ ጎንበስ ብሎ ጫማ ማሰር ክልክል፣ ዝቅ ያለ ወንበር ክልክል፣ በተቀየረው ጎን መተኛት ክልክል። «የተፈቀደውስ?» አልኳት። «መራመድ» አለችኝ። ከሁሉም የወደድኩት እሷን ነው።

ሐኪሙን አውቶቡሴን መቼ እንደምነዳ ጠየቅኩት። «የተቀየረው የግራው ነው፤ ማርሽ ሲቀይሩ ፍሪሲዮን የሚረግጡበት እግርዎ ነው፤ አዳዳኑን አይተን እንነግርዎታለን» አለኝ። እሱ ሲናገር ልጄ ዞር ብላ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። የታጠበ ብርጭቆ።

አልመጣህም። ምክንያትህን ጽፈሃል፣ አንብቤዋለሁ። ይቅርታው ግን ገና በመንገድ ላይ ነው።

እህትህ


መጋቢት 11፣ ከካምፑ

እትዬ፣

እንኳን ብሎንሽ ጠበቀ! ደብዳቤሽን የነዳጅ መኪናው ሹፌር ሲያመጣልኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ስለዚህ ዓይኔ ያለቀሰው በየትኛው እንደሆነ አልታወቀም። የመዶሻውንና የኳሱን ክፍል ለመንገድ ሠሪዎቹ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። የዶዘር ነጂው «እሷን ሴትዮ እዚህ አምጣትና አለቃችንን ትናገርልን» ብሎኛል።

ስላልመጣሁበት ነገር ደጋግመሽ ብትወቅሺኝ እቀበላለሁ። ያለ ምግብ አብሳይ መንገድ አይሠራም ብለው ነው የያዙኝ። ምትክ ሊልኩ ነበር፤ ምትኩ መጣ፣ ሜዳውን አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ በመጣበት መኪና ተመለሰ። ስልክም እንደነገርኩሽ ነው፤ ኔትዎርክ የሚባለው ከተራራው ወዲያ ቀርቷል።

ከዚያ በፊት የጠየቅሽኝን በሚመለከት፣ አዎ፣ ጥርሴን ነቀልኩት፤ አዎ፣ እበላለሁ። ልጅሽም ጽፋልኛለች። ደህና መሆንሽን፣ መሳደብ መጀመርሽን፣ ሲስተሮቹ ተራ በተራ እየመጡ ሊሰሙሽ እንደሚሰበሰቡ ነግራኛለች።

እትዬ፣ ስለ ሥራሽ አሁን አታስቢ። ሰው እኮ አንዳንዴ ማረፍም አለበት። ዕድሜ ልክሽን ሌላውን ስታደርሺ ኖረሻል።

ሌላም የምጽፍልሽ ነበረኝ፤ ግን ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው።

ወንድምሽ


መጋቢት 17፣ ከቤት

ወንድሜ፣

ሹፌር ሞተር አስነስቶ ምግብ አብሳይ ሲጠብቅ ተሰምቶ አይታወቅም። ሹፌር መሆኔን ረሳኸው? ነዳጅ የሚያቃጥለው ከምሳው በኋላ ነው። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

ቤቴ ገብቻለሁ። ስሙ ቤቴ ነው እንጂ የማውቀው አይደለም። ልጄ ያደናቅፍሻል ብላ ምንጣፉን ጠቅልላ አንስታዋለች። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ላይ ሌላ ከፍ ያለ የፕላስቲክ መቀመጫ ተጭኖበታል፤ ሲቀመጡበት ዙፋን ላይ ወጥቶ ፍርድ የሚሰጥ ያስመስላል። ጫማዬን ደብቃለች። ካልሲዬን የምታጠልቅልኝ እሷ ነች፤ በልጅነቷ ለእሷ አጠልቅላት የነበርኩት እኔ አሁን እግሬን ዘርግቼ እቀበላለሁ። ከወለል ላይ ዕቃ ማንሻ ጫፉ መቆንጠጫ የሆነ ዘንግም ተሰጥቶኛል። እሱን ብቻ ወድጄዋለሁ። መጋረጃውን እስብበታለሁ፤ ጠያቂ ሲበዛብኝ ደግሞ ሻርፓቸውን ከወንበር ላይ አንስቼ አቀብላቸዋለሁ፤ ይገባቸዋል፣ ይሄዳሉ።

ማታ ማታ ደም እንዳይረጋብኝ ሆዴን በመርፌ ትወጋኛለች። እጇ ቀላል ነው፤ ይኼን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

እንቅልፍሽ እንዴት ነው ብትለኝ፣ በጀርባዋ የተገለበጠች ጥንዚዛ እንዴት እንደምትተኛ ጠይቅና ንገረኝ። ትራመጃለሽ ወይ ብትለኝ ግን እራመዳለሁ! ከመኝታ ቤት እስከ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት እስከ በረንዳ። ልጄ «ተይ እማዬ፣ አረፍ በይ» ትላለች። ያቺ ቀጭን ባለሙያ ደግሞ በየሳምንቱ እየመጣች «ለምን አልጨመሩም?» ብላ ትቆጣኛለች። በሁለቱ መሃል እኔ እንደ መስቀለኛ መንገድ መብራት ነኝ፤ አንዷ ሂጂ፣ አንዷ ቁሚ።

ጠያቂዎቼንስ ተዋቸው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ገና ቁጭ ሳትል «የአክስቴ ልጅ እንዳንቺው ተቀይሮላት እግሯ አጠረ» አለችኝ። አጠገቧ ያለችው ቀበል አድርጋ «የኛዋ ደግሞ ረዘመባት» አለች። በሽተኛ ለመጠየቅ ነው ሰው ለማርዳት የሚመጡት?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከመሥሪያ ቤቴ ሶፋ ተላከልኝ። ሶፋ! ቡናማ፣ ሰፊ፣ ሲቀመጡበት እስከ ጉሮሮ የሚውጥ። ተኝቼ ሳለ ነው ያስገቡት። ዝቅ ያለ ወንበር ተከልክያለሁ፤ እስቲ አስበው፣ ከኔ አልጋ ፊት ለፊት የማልቀመጥበት ሶፋ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ እንተያያለን። ልጄን «ይኼ ምንድን ነው?» ስላት «ጓደኞችሽ ናቸው፤ አስበውሽ ነው» አለችኝ። ለታመመ ሰው ብርቱካን ነው የሚላከው። ሶፋ የሚላክለት ምን የሆነ ሰው ነው?

ደግሞ አንድም ሰው አልመጣም። በእኛ ግቢ ሹፌር ጉንፋን ሲይዘው እንኳ ግማሹ ጋራዥ ነው ቤቱ የሚሞላው። አብራኝ የምትሠራው ትኬት ቆራጯ ብቻ እስከ በር መጥታ ነበር። ድምጿን ሰምቼ ስጠራት ከልጄ ጋር ተንሾካሹካ፣ በሩ ተዘጋ፣ ሄደች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይኼ ነው።

እንግዲህ በግልጽ እጠይቅሃለሁ፣ በግልጽ መልስ። ልጄ ምን ብላ ነው የጻፈችልህ? «ስለ ሥራሽ አታስቢ» ያልከው ከአንተ የወጣ ቃል አይደለም። አንተ በተፈጥሮህ የምታበላ ሰው ነህ እንጂ የምትመክር ሰው አይደለህም።

እህትህ


መጋቢት 22፣ ከካምፑ

እትዬ፣

ሰላምታዬን መጨረሻ ላይ አድርጌዋለሁ፤ መጀመሪያ ካስቀመጥኩት ከኋላው ተደብቄ እቀራለሁ።

በተቀየረልሽ ማግስት ከሰዓት በኋላ፣ ልጅሽ «መድኃኒት ቤቱን አየት አድርጌ ልምጣ» ያለችሽ ጊዜ፣ የሄደችው አንቺ መሥሪያ ቤት ነው። በአውቶቡስ ማቆሚያው ግቢ ሽኝት ተደርጎልሻል። ኬክ ተቆርጧል፣ ንግግር ተደርጓል፣ ያለቀሰም ነበር አሉ። ሶፋው የሽኝትሽ ስጦታ ነው፤ በስምሽ የተቀበለችው ልጅሽ ነች። ስምሪት ኃላፊው ከእንግዲህ እንደማትነጂ ለበላዮቹ አሳውቋል። ልጅሽም «እናቴ ተስማምታለች» ብላቸዋለች። አውቶቡስሽ ለሌላ ሹፌር ተሰጥቷል። የስፌቱ ክር ከወጣልሽ በኋላ፣ ስትጠነክሪ፣ ቀስ ብለው ሊነግሩሽ ነው ያሰቡት። ሰዎቹም ያልመጡት አፋቸው እንዳያመልጣቸው ፈርተው ነው።

ልጅሽ ለእኔ ስትጽፍልኝ በክፋት አልነበረም። «አጎቴ፣ አንተን ትሰማሃለች፤ በየደብዳቤህ ትንሽ ትንሽ አለማምዳት» ነው ያለችኝ። እኔም ሞከርኩ። «ሰው ማረፍ አለበት» ያልኩሽ እሱን ነው። ከዚያ በኋላ ምስር እየለቀምኩ ሳስበው ዋልኩ። እኔን እንዲህ ቢያደርጉኝስ? ታምሜ ተኝቼ፣ ከዚህ ድስት ፊት አንስተውኝ፣ እኔ በሌለሁበት አጨብጭበው ቢሸኙኝ? ምስሩን ከነድንጋዩ ድስት ውስጥ ከተትኩት። ማታ አንዱ ግሬደር ነጂ ጥርሱን ሊሰብር ነበር፤ ምክንያቱን ብነግረው ይቅር አለኝ።

ልጅሽ ዝም በል ብላኝ ነበር፤ አልቻልኩም። አንቺን ከዋሸሁ ለማን ነው እውነት የምናገረው?

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይኝ። እባክሽ እትዬ፣ ስትናደጂ ተቀምጠሽ ተናደጂ። ከፍ ያለ ወንበር ላይ።

ወንድምሽ


መጋቢት 27፣ ከቤት

ወንድሜ፣

አመሰግንሃለሁ። ስላለመምጣትህም ይቅር ብዬሃለሁ፤ ለዚያ የቀረኝ ንዴት የለም፣ ሁሉንም ለሌላ ቦታ ፈለግኩት።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። እኔ አልጋ ላይ ሽንቴን ለመሽናት ሰው እየጠራሁ እነሱ ኬክ ይቆርጣሉ! የምን ኬክ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ተዝካሬን ነው የበሉት።

ደብዳቤህን ያነበብኩ ዕለት ልጄ እንደ ሁልጊዜው መርፌዋን ይዛ መጣች።

«እማዬ፣ ሆድሽን ግለጪልኝ» አለች።

«መጀመሪያ አንቺ ሆድሽን ግለጪልኝ» አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። መርፌውን በጥንቃቄ ሳህኑ ላይ መለሰችው። «አጎቴ ነገረሽ?»

«እናቴ ተስማምታለች ያልሻቸው የትኛዋን እናትሽን ነው? እኔን ነው ወይስ ሌላ አለሽ?»

ያ ሶፋ ላይ ቁጭ አለች። እንደጠረጠርኩት ዋጣት፤ ጉልበቷ ከአገጯ እኩል ሆነ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ቀና ሳትል፣ «ዳሌሽ ከመቀየሩ በፊት አንድ ቀን አንቺ መኪና ላይ ተሳፍሬ ነበር። አላየሽኝም፤ ከጀርባሽ ነበርኩ። መብራት ይዞሽ ቆምሽ። መብራቱ ሲለቅ ግራ እግርሽን በእጅሽ አንስተሽ ነው ፍሪሲዮኑ ላይ ያስቀመጥሽው። በእጅሽ፣ እማዬ! ሱሪሽን ይዘሽ። ያ ሁሉ ሰው ከኋላሽ ቆሞ፣ ሕፃን የታቀፈች ሴት ነበረች አጠገቤ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአምቡላንስ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አንቺን ነው የማስበው። ወይም ያቺን ሴትዮ» አለችኝ።

ውሸት አልተናገረችም። እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። «ታዲያ ለዚህ አይደል እንዴ ዳሌዬን ያስቀየርኩት!» ብዬ ጮህኩ፤ ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ደበደበች። «በእጄ የማነሳውን እግር ይዤ ላለመንዳት አይደል? ማንም አላስገደደኝም። ፈርቼ፣ ግን በገዛ እግሬ፣ በዚያው በሚያነክሰው እግሬ ሄጄ ነው ቀይሩልኝ ያልኩት። አንቺ ግን መጋዙ ሳይቆም መኪናዬን ሰጠሽብኝ። ያን ቀን ያየሽውን ያን ቀን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«አትሰሚኝም ነበር።»

«ሞክረሻል?»

ተነሥታ መርፌውን ወጋችኝ። ሁለታችንም ተኳርፈን፣ እኔ ጣሪያውን እያየሁ፣ እሷ ሆዴን እያየች።

አሁን በአንድ ቤት ውስጥ እንደ ሁለት የማይተዋወቁ ተሳፋሪዎች ነው የምንኖረው። ትመግበኛለች፣ አመሰግናታለሁ፣ በቃ። ክሩ እንደወጣልኝ ስምሪት ቢሮ እሄዳለሁ። ተይ እንዳትለኝ።

እህትህ


ሚያዝያ 3፣ ከካምፑ

እትዬ፣

ተይ አልልሽም። ብቻሽን አትሂጂ ግን እላለሁ። ያቺን ትኬት ቆራጭ ይዘሻት ሂጂ። ታክሲ ስትገቢ ወንበሩን ወደ ኋላ አስገፊው፣ መጀመሪያ መቀመጫሽን፣ ቀጥሎ እግርሽን። እዚህ እግሩን የተሰበረ ቀያሽ ስለነበረን ነው የማውቀው።

ያ ስምሪት ኃላፊ ግን፣ አንቺው ያሰለጠንሽው ልጅ አይደለም እንዴ? ትኬት ይቆርጥ በነበረ ጊዜ በሩ ሳይዘጋ «ሂጂ!» እያለ የሚያስበረግግሽ? አሁንም በሩ ሳይዘጋ ነው ሂጂ ያለሽ። ዕድሜ ልኩን አንድ ጥፋት የሚደጋግም ሰው አለ።

ስለ እኔና ስለ ልጅሽ ባልነግርሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ካንቺ መደበቅ ካቆምኩ ወዲህ መናገሩን ለምጄዋለሁ። እንደገና ጽፋልኛለች። አጭር ነው። «አምኜህ ነበር። ከእንግዲህ አጎት የለኝም» ይላል። አንቺ የማታ ፈረቃ ስትነጂ በአንቀልባ አዝዬ ድስት እያማሰልኩ ያሳደግኳት ልጅ ነች እንዲህ ያለችኝ። ወረቀቱን ዱቄት ቆርቆሮው ላይ አስቀምጬ ሁለት ቀን ዞርኩት። አልጸጸትም። ግን እትዬ፣ አንቺን ያናደደሽ ነገር እሷን እንዳያሳጣኝ። ስትታረቁ ስሜን ጣል አድርጊልኝ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 9፣ ከቤት

ወንድሜ፣

ክሩ ወጣ። ሄድኩ። ተመለስኩ። በሕይወት አለሁ፤ ስምሪት ኃላፊውም በሕይወት አለ፤ በዚህ በኩል አታስብ።

ትኬት ቆራጯ ልትወስደኝ ስትመጣ በሩ ላይ አንገቴን አቅፋ «ገድለውኝ ነበር፣ ጥሩምባዬ፣ ዝም ማለት ገድሎኝ ነበር» አለችኝ። ልጄ ከማድ ቤት ብቅ ብላ አየችን። ከዚያ ምንም ሳትል ጫማዬን ከደበቀችበት አውጥታ፣ ተንበርክካ አሰረችልኝ። አልተነጋገርንም። ቋጠሮው ግን ጠበቅ ያለ ነበር።

ግቢው ስንገባ የነዳጁ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ሹፌሮቹ በር ላይ ቆመው ይሳሳቁ ነበር፤ የብረት መደገፊያዬን ኳ ኳ ሲሰሙ አንድ ላይ ዝም አሉ። ሙት የተነሣ ነው የመሰላቸው። አንዱ ኮፍያውን አወለቀ፤ ይኼ ደግሞ ጭራሽ አናደደኝ።

ስምሪት ኃላፊው ቢሮው ገባሁበት። ብድግ ብሎ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ! ቁጭ በይ» አለና ወንበር ሳበልኝ። ዝቅ ያለ ወንበር። «ተከልክያለሁ» አልኩትና ቆምኩ። እኔ ቆሜ እሱ መቀመጥ አልቻለም። ሁለታችንም ቆመን ተነጋገርን።

«ለአንቺ አስበን ነው» አለኝ።

«አስባችሁልኛል፣ አመሰግናለሁ። አስባችሁ ስትጨርሱ ማን መጥቶ ጠየቀኝ?»

«ልጅሽ…»

«ልጄ መንጃ ፈቃድ የላትም።»

ጠረጴዛውን ማየት ጀመረ። «በዚህ ዕድሜሽ፣ በብረት ዳሌ፣ ምን አስጨነቀሽ? እኔ እናቴ ብትሆን…»

«እናትህ አይደለሁም። የቆረጥክላቸውን ሰዎች የነዳሁ ሹፌር ነኝ። ደንቡ ምን ይላል?»

ሲያንገራግር ቆይቶ እውነቱን አወጣ። ደንቡ ሐኪም ከፈቀደ፣ የመንዳት ፈተናውን ካለፈች፣ ትመለሳለች ነው የሚለው። ያውቀዋል! እንደ ውሃ ያውቀዋል! እዚያው በፊቴ ለበላዮቹ ስልክ አስደወልኩት። «አትነዳም ያልኩት ተነሥቷል፤ ፈተና ትጠብቃለች» አለ፤ ድምፁ ሲወርድ «ጮክ በል፣ አይሰሙህም» አልኩት። አውቶቡሴ ግን አይመለስም፤ የተሰጠው ለአንዲት አዲስ ሹፌር ነው፤ በመስኮት አየኋት፣ መስታወቱን እንደ ልጅ ፊት ታብሰዋለች። እሷ ምን አደረገች? ይሁን፣ ትያዘው አልኩ።

ይኼ በዚህ አለቀ ብለህ ነው? ስወጣ ሁሉም በሩ ላይ ተኮልኩለዋል። «ሽኝቴ ላይ ንግግር ተደርጎ ነበር አሉ» አልኳቸው። «ያላችሁትን ድገሙት። እኔ ሳልሰማው የተነገረ ምስጋና ሐሜት ነው።»

እንዴት እንደተንቆራጠጡ ብታይ! አንዱ «ታታሪ፣ ሰው አክባሪ» ብሎ ጀመረና ዓይኔን ሲያየው ቃሉ ጠፋበት። ሌላው የሰውን ንግግር ነበር ያነበብኩት ብሎ አመለጠ። ከዚያ የጋራዣችን ሽማግሌ መካኒክ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ፊቴ መጥቶ ቆመ።

«እኔ ያልኩት፣ የእሷ መኪና ጋራዥ ሲገባ ማርሹ ተንጫርሮ አያውቅም ነው» አለ።

«ጥሩ ብለሃል።»

«ውሸቴን ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት ይንጫረር ነበር። ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ሳትረግጪ ነበር የምትቀይሪው። እኔም ሰምቻለሁ፣ እነዚህም ሰምተዋል። አንቺን ፈርተን ዝም አልን። ፍሪሲዮኑን ማታ ማታ እኔ አስተካክልልሽ ነበር።»

«ይኼን ሽኝቱ ላይ ብለኸዋል?»

«ምን ያደርጋል፤ አንቺ አልነበርሽም።»

ወንድሜ፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ እንደ ሰው ያናገረኝ እሱ ነው። እጁን ዘረጋልኝ፣ ከነግራሶው ጨበጥኩት። ከዚያ በኋላ ነው ሁሉም መናገር የጀመሩት፤ ምስጋናውንም ወቀሳውንም። አንዱ ጥሩምባ በማብዛት ጆሮዬን አደንቁረሻል አለኝ። እንዲያ ያለ ሽኝት ማንም አልተደረገለትም፤ ለዚያውም ሳልሄድ።

ልጄን ገና አላናገርኳትም። ማታ ግን ክፍሌ ስትገባ «አሁን ምንድን ነው የምትፈልጊው?» አለችኝ። እስከ ዛሬ ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። «ነገ እስከ መንገዱ ዳር ልሄድ ነው የምፈልገው» አልኳት። «እኔም ልምጣ?» አለችኝ። ይኼንንም ጠይቃኝ አታውቅም።

እህትህ


ሰኔ 21፣ ከማዞሪያው

ወንድሜ ጭልፋው፣

የጠየቅከኝን ሁሉ በአንድ ቃል ልመልስልህ፤ አለፍኩ። ሐኪሙ ፈቀደ፣ ፈታኙም ፈቀደ። ፈታኙ ኮረብታ ላይ አስቁሞ አስነሱ አለኝ፤ መኪናው አንድ ጣት አልተንሸራተተም። «እግርዎን ያመዎታል?» አለኝ። «ጆሮዬን ነው፣ ጥያቄዎ በዛ» አልኩት። መስመሬ ሌላ ነው፣ አውቶቡሱም አሮጌ ነው፤ ማርሹ እንደ ቂመኛ ሰው ነው፣ ለምነውት ነው የሚገባው። ይኼን መኪና የሰጡኝ ሆን ብለው ነው፤ ለስምሪት ኃላፊው ነግሬዋለሁ፤ ነገም እነግረዋለሁ።

በዚህ ፖስታ ውስጥ ልጄ የራሷን ወረቀት ጨምራልሃለች። አጣጥፋ ነው የሰጠችኝ፣ አላነበብኩትም። ስምህን ጣል ማድረግ አላስፈለገኝም፤ ራሷ ነች «ለአጎቴ ደብዳቤ የሚወስደው መኪና መቼ ነው የሚሄደው?» ብላ የጠየቀችኝ።

አሁን ያናደደችኝን ልንገርህ። ዛሬ የመጀመሪያ ቀኔ ነው። ጠዋት ነጭ ጋወኗን በክንዷ አንጠልጥላ ከመነሻው ተሳፈረች። ከፊት፣ እግሬን ከምታይበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ትኬቷን ቆረጠች፤ እኔን ሰላም አላለችኝም፣ እንደ መርማሪ። እሺ አልኩ፣ ይኸውልሽ እይ። መብራት ሲይዘኝ ወደ ታች ታያለች፤ ሲለቀኝ ወደ ታች ታያለች። በመስታወት አያታለሁ። ላብ አጠመቀኝ፤ ፈታኙ እንኳ እንዲህ አላስጨነቀኝም። እንዲህ ስንተያይ የገበያውን መታጠፊያ አለፍን፣ ትምህርት ቤቱን አለፍን። በመስታወት ስመለከት ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላ፣ አፏን ከፍታ፣ ተኝታለች።

አስበው! ሊመረምር ተሳፍሮ የሚተኛ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔ ስንት ወር እንደ ሕፃን መራመድ የተማርኩለትን እግር ሳታይ! ልጠራት አፌን ከፈትኩ። ወራቱን ሙሉ ማታ በእኔ ስትነሣ፣ ጠዋት ለሥራዋ ስትነሣ የከረመች ልጅ ነች፤ ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። አፌን ዘጋሁት።

መድኃኒት ቤቷ ጋ ደረስን። ሰው አወረድኩ፣ ሰው ጫንኩ፣ አልቀሰቀስኳትም። አርፍዳ ብትገባ ትቆጣኛለች፤ ትቆጣኝ። ማርሹን አስገባሁና ያን አዲሱን እግሬን አንስቼ፣ እንዳትነቃብኝ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጌ ለቀቅኩት።

እህትህ